ደሙ ምን ይላል? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳንባ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1963 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ፓትሪክ ተባለ። ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ የመጣ፣ 2.1 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ነበር። እንደተወለደ ትንፋሽ አጠረው። ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ወሰዱት፤ ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት ወደሚሞላበት የብረት ክፍል አስገቡት። አልሆነም። በተወለደ በ39 ሰዓቱ አረፈ። የኒውክሌር ቁልፍ በእጃቸው የነበረ አባት ለልጃቸው አንዲት ሙሉ ትንፋሽ መግዛት አልቻሉም።

ዛሬ እንደ ፓትሪክ ያለ ሕፃን በደንብ በተደራጀ ሆስፒታል ቢወለድ በአብዛኛው ይድናል። ይህ የሕክምና ድል ነው፣ ማንም አይክደውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የድሉ ሌላኛው ገጽ ነው። ከፓትሪክ በኋላ ከሞት የተረፉት ሕፃናት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ስም ያልነበረው የሳንባ ሕመም ይዘው ተረፉ። ሐኪሞች የሕመሙን መነሻ ፍለጋ መጀመሪያ ራጁን፣ ቀጥሎ የሳንባውን እጣቢ፣ በመጨረሻም ደሙን መመርመር ያዙ። ደሙም አንድ ነገር ነገራቸው። ጥያቄው፣ የነገራቸውን በትክክል ሰሙት ወይ? የሚለው ነው።

የሚጣበቀው ሳንባ

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሳንባችን የእጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስብስብ ነው። የከረጢቶቹ ውስጥ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ይጣበቃል። የረጠበ ፌስታል ለመክፈት የታገለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጤነኛ ሳንባ ይህን የሚያሸንፈው ሰርፋክታንት በሚባል፣ እንደ ሳሙና በሚያላላ ቅባት ነው። ፅንሱ ቅባቱን በበቂ መጠን የሚያመርተው ወደ እርግዝናው መጨረሻ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የተጣበቀ ፌስታል እንደ አዲስ ይከፍታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደክመዋል።

የሚገርመው፣ ስለዚህ ቅባት የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከማዋለጃ ክፍል ሳይሆን ከጦር ሠራዊት ቤተ ሙከራ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ሪቻርድ ፓትል፣ በአሜሪካ ጆን ክሌመንትስ፣ ሁለቱም ለጦር ኃይል ስለ መርዝ ጋዝ ጉዳት ሲመራመሩ የሳንባ አረፋ ለምን ቶሎ እንደማይፈርስ አስተዋሉ። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ደግሞ ሕክምና ተምረው እንደጨረሱ ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ ሳንባ ላይ የቀረ ወጣት ሐኪም ነበሩ። እርሳቸውና ጄሪ ሚድ በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ በሽታ በሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ የጎደለው ይኸው ቅባት መሆኑን አሳዩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፓትሪክ ኬኔዲ ሲሞት የገዳዩ ማንነት ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለአሥር ሕፃናት ሰጥተው መሥራቱን ያሳዩት ግን በ1980 ነው። በማወቅና በማዳን መካከል 21 ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የነበሯቸው መሣሪያዎች ኦክስጅንና ማሽን ነበሩ።

ከድጡ ወደ ማጡ

ስለ ኦክስጅን አንድ መራራ ትምህርት ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1940ዎቹ ማሞቂያ ውስጥ ለሚገቡ ሕፃናት ኦክስጅን በገፍ ይሰጥ ነበር፤ ጥሩ ነገር ሲበዛ ምን ይጎዳል ተብሎ። በ1942 በቦስተን አዲስ ዓይነት የሕፃናት ዓይነ ስውርነት ተመዘገበ። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ዓይናቸውን አጡ። በ1953 እና 1954 በ18 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተካሄደው የጋራ ሙከራ ጥፋተኛው የበዛው ኦክስጅን መሆኑን አረጋገጠ። ሊኩሉ ሲሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ አይደል? ከዚያ ኦክስጅን ተቆጠበ። ሲቆጠብ ደግሞ በትንፋሽ እጥረት የሚሞቱት በዙ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቶሮንቶና በሌሎች ጥቂት ከተሞች የመተንፈሻ ማሽን ለአራስ ልጅ መሞከር ጀመረ። መሞታቸው አይቀርም የተባሉ ሕፃናት መትረፍ ጀመሩ፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የራጅ ሐኪም የነበሩት ዊልያም ኖርዝዌይ በማሽን የታገዙ ሕፃናትን ራጅ ተራ በተራ ሲያዩ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ነገር ገጠማቸው። ሳንባው መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ በመጨረሻ ግን ወደ ጤናው አይመለስም፤ አንዱ ቦታ ተነፍቶ ሌላው ቦታ ተጨማድዶ ስፖንጅ ይመስላል። በ1967 ኖርዝዌይና ባልደረቦቻቸው የ32 ሕፃናትን ታሪክ አሳትመው ለሕመሙ ስም አወጡለት፤ ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕላዢያ፣ ባጭሩ ቢፒዲ።

ሕፃናቱ ከ80 እስከ 100 ከመቶ የሆነ ኦክስጅን ከ150 ሰዓት በላይ ሲተነፍሱ የቆዩ ነበሩ። እኔና እናንተ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትርጓሜው ቀላል መሰለ፤ ኦክስጅኑ አቃጠለ፣ ማሽኑ ቀደደ፣ ሳንባው ጠባሳ ይዞ ዳነ። ሕመሙ የሕክምናው ልጅ ነው ማለት ነው።

ይህ ማብራሪያ ለጊዜው በቂ ነበር። ኋላ ግን ሕመሙ ራሱ መልኩን ቀየረ። በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ፣ ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት የሚሰጥ ስቴሮይድ የፅንሱን ሳንባ እንደሚያበስል በ1972 አሳዩ። ሰርፋክታንት በ1990 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። እንደ ፓትሪክ ያሉት የ34 ሳምንት ልጆች ከዚህ ሕመም ወጡ ማለት ይቻላል፤ በቦታቸው ግን የ24 እና የ25 ሳምንት ልጆች መትረፍ ጀመሩ። የእነዚህ ሳንባ ሲታይ ያን ያህል ጠባሳ የለበትም። የአየር ከረጢቶቹ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው፤ እድገቱ መሃል ላይ ቆሟል። አለን ጆብ በ1999 ይህን "አዲሱ ቢፒዲ" አሉት። ጥያቄውም አብሮ ተለወጠ፤ ሳንባውን ያቃጠለው ምንድን ነው መባሉ ቀርቶ እንዳያድግ የያዘው ምንድን ነው ተባለ።

እሳቱን ማን ለኮሰው?

እሾህ የወጋው ጣት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል። ቁስሉ ተቆጣ እንላለን። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ሰውነት ጠላት የገባበት ሲመስለው ነጭ የደም ሕዋሳቱን ይጠራል፤ ሕዋሳቱም መርዝና ቆራጭ ኬሚካል ይዘው ይዘምታሉ። ዘመቻው ሲያበቃ ጣቱ ይድናል። ገና በመሠራት ላይ ባለ ሳንባ ውስጥ የሚካሄድ ዘመቻ ግን ቤት ሳያልቅ በግቢው ውስጥ እንደሚደረግ ጦርነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በማሽን ከሚተነፍሱ ሕፃናት ሳንባ በተወሰደ እጣቢ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ተገኙ። ከእነርሱ ጋር ኢላስቴዝ የሚባል፣ ሳንባን እንደ ላስቲክ የሚያሳስበውን ክር የሚቆርጥ ኬሚካል ተገኘ።

የሳንባ እጣቢ የሚገኘው ግን ቱቦ ጉሮሮው ከገባ ሕፃን ብቻ ነው። ደም ከሁሉም ይገኛል። በደም ውስጥ የሰውነትን መቆጣት የሚያሳይ ጠቋሚ ደግሞ ቀድሞም ነበር። በ1930 ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ተቋም የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ ያገኙት፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ ሲአርፒ እየተባለ የሚታዘዘው ፕሮቲን ነው። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው በዋናነት ኢንተርሉኪን 6 ከሚባል መልእክተኛ ነው። ሳይቶካይን የሚባሉት እነዚህ መልእክተኞች በ1980ዎቹ አንድ በአንድ ሲታወቁ፣ ሐኪሞች ከጉበቱ ምላሽ ይልቅ ትእዛዙን ራሱን መለካት ቻሉ።

በ1996 የክሪስቲ ዋተርበርግ ቡድን አንድ እንቆቅልሽ ይዞ ብቅ አለ። የእንሽርት ውሃ ከረጢታቸው ከመወለዳቸው በፊት ተቆጥቶ የነበረ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌሎቹ የተሻለ ይተነፍሳሉ፤ በኋላ ግን ቢፒዲ የሚበዛው በእነርሱ ላይ ነው። ማህፀን ውስጥ የጀመረው መቆጣት ሳንባውን ያለጊዜው አብስሎታል፣ ግን ደግሞ ጎድቶታል። በ1999 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ከአሜሪካውያን ጋር ሆነው ገና በተወለዱ ሕፃናት እትብት ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6 ለኩ። በኋላ ቢፒዲ በያዛቸው ልጆች ላይ መጠኑ ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለሠላሳ ዓመት የማሽኑ ጥፋት ነው ሲባል የኖረው ሕመም፣ ሕፃኑ ማሽን ሳያይ፣ የዚህን ዓለም አየር ሳይቀምስ የተጫረ እሳት ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አንዳንዶቹ ይህን ሲያጸኑ ሌሎቹ ሳያገኙት ቀሩ። ሐሳቡ ግን ሥር ሰደደ፤ ሳንባው የሚጎዳው በእሳት ከሆነ፣ ማጥፊያውስ በእጃችን አይደል?

ውድ ዋጋ የተከፈለበት ማጥፊያ

ማጥፊያው ዴክሳሜታዞን ነበር። መቆጣትን ጸጥ በማሰኘት የሚስተካከለው የለም። በ1980ዎቹ ከማሽን መላቀቅ ላቃታቸው ሕፃናት ተሰጠ፤ ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሳቸው መተንፈስ ጀመሩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በ1990ዎቹ መድኃኒቱ በስፋት ይሰጥ ጀመር፤ በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን የጀመሩላቸውም ነበሩ።

ሳንባቸው የዳነላቸው ልጆች ግን አደጉ። ሲያድጉ ከመካከላቸው ዘግይተው የሚሄዱ፣ ጨርሶ የማይሄዱም ታዩ። በታይዋን ዬህና ባልደረቦቻቸው መድኃኒቱን ወይም ባዶ መርፌ በዕጣ የተሰጣቸውን ልጆች ተከትለው ሄዱ። በ2004 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ በስምንት ዓመት ገደማ ከተመረመሩት 146 ልጆች መካከል ዴክሳሜታዞን የወሰዱት በቁመት አጠር፣ በጭንቅላት ዙሪያ ልክ አነስ ያሉ ነበሩ። የአእምሮ ብቃት መለኪያ አማካያቸው 78 ሲሆን ያልወሰዱት 84 ነበር። ሌሎች ሙከራዎች ሴሬብራል ፓልሲ መጨመሩን አሳዩ። በ2002 የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት መድኃኒቱ በልማድ እንዳይሰጥ በጋራ አሳሰቡ።

እዚህ ላይ ፍርድ ማሸከም ቀላል ነው። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ፊታቸው የተኛው ልጅ እየታፈነ ነበር። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። የለኩት በ28ኛው ቀን ሳንባው እንዴት እንደሆነ ነው። አንጎሉ በስምንተኛው ዓመት እንዴት እንደሚሆን በዚያ መለኪያ ውስጥ አልነበረም።

ደም እንደ ትንቢት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መድኃኒቱን መርዝ ነው ብለን በተገላገልን። በ2005 ግን የአውስትራሊያው ሌክስ ዶይልና ባልደረቦቻቸው የቀደሙትን ሙከራዎች አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ ነገሩ ሁለት ስለት እንዳለው ታወቀ። ቢፒዲ የመያዝ ዕድላቸው ከ35 ከመቶ በታች በሆነ ሕፃናት ላይ መድኃኒቱ ሞትንና ሴሬብራል ፓልሲን ይጨምራል። ዕድሉ ከ65 ከመቶ በላይ ከሆነ ግን ያንኑ ይቀንሳል። ሕመሙ ራሱም አንጎልን ይጎዳልና።

እንግዲህ ጉዳዩ ወደ አንድ ጥያቄ ጠበበ፤ ማን ነው የሚታመመው? ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግረን ብናገኝ ለአንዱ መድኃኒቱን እንሰጣለን፣ ሌላውን ከመድኃኒቱ እናድነዋለን። የደም ጠቋሚዎች ፍለጋ ያን ያህል የተፋፋመው ለዚህ ነው።

ፍለጋው ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን መላ ደሙ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቁ የደም ጠብታዎችን መጠቀም ነበረባቸው። በ2009 የታተመው የአምባላቫናን ቡድን ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናትን ደም መርምሮ 25 ሳይቶካይኖችን ለካ። ከ2002 እስከ 2004 በ14 የአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ 28 ሳምንት ሳይሞላቸው የተወለዱትን ያካተተው ኤልጋን የተባለው ጥናትም እንዲሁ አደረገ። የሁለቱም ውጤት ተቀራራቢ ነው። ቢፒዲ በሚይዛቸው ልጆች ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6ና 8ን የመሳሰሉ የመቆጣት መልእክተኞች ከፍ ይላሉ፤ ራንቴስ የሚባለው ደግሞ ዝቅ ይላል። ደሙ በእርግጥ ይናገራል።

ነገር ግን የሚናገረው ስለ ብዙኃን ነው። መቶ ልጆችን ከመቶ ልጆች ስታወዳድሩ ልዩነቱ ይታያል፤ አንዷን ልጅ ይዛችሁ ይህቺ ትታመም ይሆን ብትሉት ግን ይንተባተባል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ኢንፌክሽንም፣ የአንጀት ሕመምም፣ ማሽኑም፣ ቀዶ ሕክምናም ያው አንድ ጭስ ያጨሳሉ። ጭሱም በየቀኑ ይለዋወጣል። ከሁሉም በላይ ደሙ ከሚነግረን አብዛኛውን ሳንባውና የእርግዝናው ሳምንት ቀድመው ነግረውናል። በ2011 የማቲው ላፎን ቡድን ሐኪሞች በኮምፒውተር የሚጠቀሙበትን የቢፒዲ መገመቻ ሲሠራ ያስገባቸው ነገሮች የእርግዝና ሳምንት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ ዘር፣ የመተንፈሻ ዕርዳታው ዓይነትና የኦክስጅኑ መጠን ናቸው። አንድም የደም ጠቋሚ የለበትም።

እሳቱን ማጥፋቱም ቢሆን እንደታሰበው አልቀለለም። በ2016 ፈረንሳውያን በ521 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከመጀመሪያው ቀን የተሰጠ አነስተኛ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ቢፒዲ መትረፍን ከ51 ወደ 60 ከመቶ አሳደገ። በ2022 በአሜሪካ 800 ሕፃናት ላይ ዘግይቶ የተሰጠው ግን ለውጥ አላመጣም። በ2024 ስቴሮይድን ከሰርፋክታንት ጋር ቀላቅሎ የሞከረው ትልቅ ጥናትም ተስፋውን አልሞላም።

ጸጥ ያሉት ድሎች

ታዲያ ምን ሠራ? መልሱ ለጀግና ታሪክ የማይመች ነው። በ1987 ያው ኤቨሪ የስምንት ሆስፒታሎችን ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ዝቅ ብሎ የተገኘው በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ነበር። እዚያ ጄን ቲየን ዋንግ የሚባሉ ሐኪም ሕፃናቱን ማሽን ላይ ለማውጣት አይቸኩሉም፤ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የማያቋርጥ ለስላሳ ግፊት ይሰጣሉ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሲፓፕ የሚባለው ይህ ነው፤ ውድ ማሽን አይፈልግም፣ ነቅታ የምትጠብቅ ነርስ ግን ይፈልጋል።

ሁለተኛው ድል ለእኛ አገር ሰው ፈገግ ያሰኛል። በ2006 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ትንፋሽ እንዳይረሱ ካፌይን ከተሰጣቸው ሕፃናት ቢፒዲ የያዛቸው 36 ከመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው 47 ከመቶ ነበሩ። አዎ፣ የቡናው ካፌይን።

ስለ አገራችን ካነሳን አይቀር፣ ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ማሞቂያ ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ትልቁ ገዳይ፣ 45 ከመቶውን የያዘው፣ ያው ፓትሪክ ኬኔዲን የገደለው የትንፋሽ እጥረት ነው። ቢፒዲ የተራፊዎች ሕመም ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም። ሲፓፕና ሰርፋክታንት በተስፋፉ ቁጥር ግን ይደርሳሉ። ያኔ የ1940ዎቹን ዓይነ ስውርነትና የ1990ዎቹን ዴክሳሜታዞን እንደገና መኖር የለብንም፤ ሌሎች ከፍለውበታልና። የኦክስጅን መጠን መለኪያና መቀላቀያ ከሲሊንደሩ ጋር አብሮ ይገዛ ማለት ቅንጦት አይደለም።

በአጭሩ ደም ምስክር ነው። ጭስ ማየቱን ይመሰክራል፤ ማን እንደለኮሰው፣ በምን እንደሚጠፋ፣ ውሃው ቤቱን ያፈርሰው እንደሆነ አይመሰክርም። ያን የሚመሰክረው ልጁ ነው። የዬህ ቡድን ስምንት ዓመት ጠብቆ ጠየቀው። ኖርዝዌይም ስም ያወጡለትን ሕመም ይዘው ያደጉትን ወጣቶች ፈልገው፣ ብዙዎቹ አሁንም የአየር መንገዳቸው ጠባብ መሆኑን በ1990 አሳተሙ። ስለዚህ ነገ አንድ አዲስ የደም ምርመራ ወይም አዲስ ማጥፊያ መጣ ሲባል የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ እንዴት ሆኑ?